የየቲምን ቤት ጤና መጠበቅ፦ ጀማዓችን በጤና መረብ ውስጥ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉት ሁሉ ላይ ይስፈን።



የቲም ማለት ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱን በሞት ያጣ ልጅ እንደሆነ በመድረሳ ደጋግመን የምናስተምረው ነው። የዐረብኛ ቋንቋ ሊቃውንት ግን ከዚህ ቃል ጎን ሌላ ቃል አኑረዋል። አባቱንም እናቱንም ያጣውን ልጅ «ለጢም» ይሉታል። ልጁን ከየቲምነት ወደ ለጢምነት የሚያሻግረው የእናቱ ሞት ነው። በአባቱ ላይ የአላህ ውሳኔ ተፈጽሟል፤ የቀረችው እናቱ በጤና ቆይታ እንድታሳድገው የሚቻለውን ሰበብ ማድረስ ግን ገና ከእኛ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

የቲምን ለመደገፍ ስንነሣ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በልጁ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ደብተሩ፣ የዒድ ልብሱና ወርኃዊ ቀለቡ ይታሰባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ አላህ ከለጋሾቹ ይቀበል። ይሁን እንጂ ያን ገንዘብ ተቀብላ ዱቄት የምትገዛበት፣ ልጁን አጥባ ወደ ትምህርት ቤት የምትልከው እናት ብትታመም፣ ለቀለብ የተላከው ገንዘብ ለመድኃኒት ይውላል፤ ታላቅየዋ ልጅ ትምህርቷን ትታ እናቷን ታስታምማለች፤ ለዓመታት የተገነባው ድጋፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ይፈርሳል።

የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ ይህ ነው። የቲምን መደገፍ የቤቱን ጤና ካልጠበቀ የተሟላ አይሆንም። የቤቱን ጤና መጠበቅ ደግሞ አንድ ለጋሽ ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። ጀማዓ ሆነን፣ በአካባቢያችን ካለው የጤና አገልግሎት ጋር ተሳስረን የምንፈጽመው ነው። እንዲህ ያለውን ትስስር በዚህ ጽሑፍ «የጤና መረብ» እንለዋለን።

ሕመም ወደ የቲም ቤት ሲገባ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን ይዛ በአንዲት ክፍል ትኖራለች እንበል። ሳል ያዛት። ጎረቤት «ብርድ ነው» አላት፤ እርሷም ዝንጅብልና ዳማከሴ ጠጣች። ሲብስባት ከመድኃኒት መደብር የሳል ሽሮፕ ገዛች። ሳምንታት አለፉ፤ ክብደቷ ቀነሰ፤ ሌሊት ያልባት ጀመር። ለልጆቹ ቀለብ የተላከው ገንዘብ ለሽሮፕ አለቀ።

ይህች እናት ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ኖሮ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ይነግሯት ነበር። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት የዚህ በሽታ ምርመራም ሆነ መድኃኒት ያለ ክፍያ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። አብረዋት የሚኖሩት ልጆችም፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት፣ መመርመር አለባቸው፤ በሽታው ካልተገኘባቸው የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል።

እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው? መድኃኒቱ ያለ ክፍያ አለ፤ ለጋሹም ገንዘቡን ልኳል። የጎደለው «ይህ ሳል ቆይቷልና ነገ አብረን እንሂድ» የሚላት ሰው ነው። እርሷ ስትሄድ ልጆቹን የሚጠብቅ፣ የመጓጓዣዋን የሚሸፍን፣ በሦስተኛው ወር ተሽሏት መድኃኒቱን ልታቋርጥ ስትል «ስድስቱን ወር ጨርሺ» ብሎ የሚያበረታታ ሰው ነው የጎደለው። የጤና መረብ የምንለው ይህን ሰው በታወቀ ሥርዓት ወደ እያንዳንዱ የቲም ቤት ማድረስን ነው።

መስጂድ፣ ሕክምናና የቲም በታሪካችን

ሕክምናን የመስጂድ ጉዳይ ማድረግ አዲስ ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ሲራ መለስ ይበል። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዳቸው ላይ ባለው የደም ሥር በቀስት ቆሰሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሆነው ሊጠይቋቸው ስለ ፈለጉ በመስጂዱ ውስጥ ድንኳን እንዲተከልላቸው አደረጉ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት በዚያ ድንኳን ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ የተባለች የአስለም ጎሣ ሴት ናት፤ አገልግሎቷንም የምታበረክተው የአላህን ምንዳ ፈልጋ ነበር። በዚህ ዘገባ ውስጥ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን፦ የሕክምና ቦታ የሆነ መስጂድ፣ በሙያዋ የምታገለግል ሴት፣ በሽተኛን በቅርብ የሚጠይቅ መሪ።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት ሙስሊሞች ይህንን በወቅፍ አስፋፉት። ኑረዲን ዘንጊ በ1154 እ.ኤ.አ. በደማስቆ ሆስፒታል መሠረቱ። ሱልጣን ቀላውን ደግሞ በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ ታላቁን የመንሱሪ ሆስፒታል አቆሙ፤ ድሃና ሀብታም፣ ወንድና ሴት ይታከሙበት ነበር። ለእኛ ርዕስ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በዚያው የቀላውን ግንባታና ወቅፍ ውስጥ የሙስሊም የቲሞች የሚማሩበት ስፍራ አብሮ መደራጀቱ ነው። የበሽተኛው ሕክምናና የየቲሙ ትምህርት ከአንድ ወቅፍ ይደገፉ ነበር። ዛሬ በተለያየ መዝገብ የምንይዛቸውን ሁለት ጉዳዮች ቀደምቶቻችን በአንድነት ያዩአቸው ነበር ማለት ነው።

ያለንን አንድ ላይ ማዋጣትን በተመለከተም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአሽዐሪ ጎሣዎችን እንዴት እንዳመሰገኑ እናስታውስ። እነዚህ ሰዎች ስንቃቸው ሲያልቅ ወይም የቤተሰባቸው ቀለብ ሲያንስ ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር። ነቢዩም «የእኔ ወገኖች ናቸው» በሚል መንፈስ አወደሷቸው። ችግር በአንዱ ቤት ላይ ብቻ እንዳይከብድ በሁሉም ትከሻ ላይ ማከፋፈል የተመሰገነ ሥነ ምግባር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የኡጋንዳ ኢማሞች ያሳዩት መንገድ

በእኛ ዘመን ለዚህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የኡጋንዳ ሙስሊሞች ተሞክሮ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤድስ በዚያች አገር ብዙ ወላጆችን ቀጥፎ ብዙ ልጆችን ያለ አሳዳጊ አስቀረ። በ1988 ሙስሊም የጤና ባለሙያዎች ተሰባስበው የኡጋንዳ ኢስላማዊ የሕክምና ማኅበርን መሠረቱ። በ1989 ከሙስሊም መሪዎች ጋር ስለ በሽታው መከሩ። በ1992 ደግሞ በምፒጊና በኢጋንጋ አውራጃዎች በኢማሞች አማካይነት ቤተሰቦችን የሚያስተምር ፕሮግራም ጀመሩ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሐኪሞቹ ኢማሞችን አሠለጠኑ፤ ከእያንዳንዱ ኢማም ጋር ወንድም ሴትም ረዳቶች፣ ከእነርሱም ሥር ከጀማዓው የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች ተመደቡ። ኢማሙ በኹጥባው፣ በኒካሕና በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ያስተምራል፤ በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ ያነጋግራሉ። በኋላም ትምህርቱ ወደ መድረሳ ልጆች ተሻገረ። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ሥራውን በ1998 ለሌሎች አርአያ በሚሆኑ ተሞክሮዎች ዝርዝር ውስጥ አሳተመው።

ከዚህ ተሞክሮ ሁለት ቁም ነገር እንወስዳለን። የመጀመሪያው ኢማሙ ሐኪም እንዲሆን፣ ሐኪሙም ኢማም እንዲሆን አለመጠየቁ ነው፤ እያንዳንዱ በያዘው ዕውቀት ቆሞ ተያያዙ። ሁለተኛው መንገዱ አለመግባባት ያልተለየው መሆኑ ነው። በሽታውን ስለ መከላከል ሲነገር ከሸሪዓ አንጻር ጥያቄ ያነሡ ዑለማዎች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ግን ጥያቄውን አልናቁትም፤ ተቀምጠው ተወያዩበት። ምክክር ያለበት ሥራ ዘገም ቢልም ሥር ይሰዳል።

በአገራችን የተዘረጋው መሠረት

ወደ አገራችን ስንመለስ መረቡን ከባዶ እንድንጀምር አንገደድም። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠልጣኝ ባለሙያዎችን፣ አብዛኞቹንም ሴቶች፣ በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ መድቧል። ከጤና ኬላው በላይ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያውም በላይ ሆስፒታል አለ። ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትልና ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ከሚሰጡት አገልግሎቶች መካከል ናቸው።

ለሌላው ሕክምና ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። ይህ መድን በ2011 እ.ኤ.አ. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። የተቋቋመው ቋሚ ደመወዝ ለሌላቸው፣ ለገበሬውና ለአነስተኛ ነጋዴው ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣሉ፤ ቤተሰቡ በዓመቱ ውስጥ ሲታመም ውል በተገባባቸው ተቋማት ይታከማል። መክፈል የማይችሉ ድሆች ተለይተው መዋጮአቸው በመንግሥት እንዲሸፈን የሚያደርግ ሥርዓትም አለው።

እዚህ ላይ የየቲም ቤተሰቦች የሚሳሳቱባቸውን ነጥቦች ማወቅ ይገባል። ምዝገባው የሚካሄደው በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ወቅት ነው፤ ከታመሙ በኋላ መታወቂያ ልውሰድ ቢሉ ብዙ ጊዜ አይቻልም። መታወቂያው በየዓመቱ መታደስ አለበት። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈር ወረቀት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መድኑ የሚሸፍነው በመዝገብ የሰፈረውን ቤተሰብ ነው። በአጎቱ ወይም በአያቱ ቤት የሚያድግ የቲም ስሙ በዚያ ቤት መዝገብ ካልገባ፣ ሲታመም ካርዱ ለእርሱ አይሠራም። ይህ በአንድ ቀን የሚስተካከል ነገር ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ካለ።

ሕዝባችን ደግሞ መደራጀትን ያውቃል። ወሎዬው ቅሬ፣ ሐረሬው አፎቻ፣ ሌላውም ዕድር አለው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ጀናዛ የሚሸኝ፣ ሐዘንተኛን የሚያጽናና ይህ ሁሉ ጉልበት ሰው ሳይሞትም በፊት ለመድረስ ሊውል ይችላል። ለቀብር የሚሰበሰብ ጀማዓ ለመድኃኒትም መሰብሰብ አያቅተውም።

«ሸሪዓው ይፈቅደዋልን?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። በመጀመሪያ መታከም ተወኩልን አይጻረርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መታከም ሲጠየቁ እንዲታከሙ አዝዘዋል፤ አላህ ለሕመም ሁሉ መድኃኒት ማድረጉንም አስተምረዋል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰውም አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ መክረውታል። ዱዓና ሩቅያም በቦታቸው ናቸው፤ ጤና ጣቢያውን አይተኩም፣ ጤና ጣቢያውም እነርሱን አይተካም።

የመድንን ጉዳይ በተመለከተ የዘመናችን ዑለማዎች በሁለት መካከል ይለያሉ። የእስልምና ጉባኤ ድርጅት ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባደረገው ስብሰባ፣ ለትርፍ የሚሠራውን የንግድ ኢንሹራንስ ውል ባለበት ከባድ እርግጠኛ አለመሆን (ገረር) የተነሣ ከልክሏል፤ በአማራጭነት ያቀረበው ደግሞ በመረዳዳትና በልግስና ላይ የቆመውን የትብብር መድን ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ትርፍ የሚከፋፈልበት ኩባንያ ሳይሆን ኅብረተሰቡ የሚያዋጣበት፣ መንግሥትም የሚደጉመው መሆኑ ወደ ሁለተኛው ያቀርበዋል። ሆኖም በየአካባቢው ያለውን ዝርዝር አሠራር ለዑለማዎቻችሁ አቅርባችሁ ጠይቁ፤ ያልጠየቀ ሰው በጥርጣሬ ይኖራል።

ስለ ዘካም እንዲሁ እንጠንቀቅ። የቲም በየቲምነቱ ብቻ ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች አንዱ አይደለም፤ የሚገባው ድሃ ወይም ምስኪን ሲሆን ነው። ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት ዘካ በድሃው እጅ ገብቶ ንብረቱ መሆን እንዳለበት ስለሚናገሩ፣ የመድን መዋጮ ከዘካ ሲከፈል አሳዳጊዋ አውቃው፣ ተስማምታበትና ወክላ ቢሆን ይመረጣል። ከሰደቃ የሚከፈለው ግን ሰፊ በር አለው።

ጀማዓው ወደ መረቡ የሚገባው እንዴት ነው?

አንደኛ፦ ስምምነት። የመስጂዱ ኮሚቴና ኢማሙ ይመካከሩ፤ ቀጥሎም ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ይቀመጡ። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ሪፈር እንዴት እንደሚላክ፣ ማን ለማን እንደሚያሳውቅ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ቃል ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ኮሚቴ ሲቀየርም ይኖራል።

ሁለተኛ፦ አገናኞች። ከጀማዓው ቢያንስ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ይመረጡ። የብዙዎቹ የቲሞች አሳዳጊ እናት ናት፤ ባዳ ወንድ ብቻውን ቤቷ ሊገባ አይገባም፣ እርሷም የሴት ሕመሟን ለወንድ አትናገርም። ስለዚህ ሴቷ አገናኝ የዚህ ሥራ ምሰሶ ናት። አገናኞቹ በጤና ባለሙያ አጭር ሥልጠና ይውሰዱ፤ መድኃኒት ግን አይዘዙ፣ አይስጡም። ሥራቸው ማየት፣ ማድረስና መከታተል ነው።

ሦስተኛ፦ መዝገብ። በእያንዳንዱ የቲም ቤት ስንት ሰው አለ? የልጆቹ የክትባት ካርድ የት ነው? መድን ተመዝግበዋልን? የሚታደሰው መቼ ነው? እናቲቱ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ናትን? ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለን? ይህ ብቻ በቂ ነው።

አራተኛ፦ ጉብኝት። በወር አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ድጋፉ በሚሰጥበት ሰሞን ቤቱን ይጎብኙ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ይዞት የደከመ ሕፃን፣ የከሳ ልጅ ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ኬላ ያድርሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሕፃኑን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ትለካለች፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነውና ሕክምና ይሻል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር መሆኑን ያስታውሱ። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገራችን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጃገረዶች ሲሰጥ በአብዛኛው በትምህርት ቤት በኩል ነው፤ ትምህርት ያቋረጠች የቲም ልጅ እንዳታልፋት ስሟ ለጤና ባለሙያዋ ይነገር።

አምስተኛ፦ የመድን ምዝገባ። የምዝገባው ወቅት ከመድረሱ በፊት የየቲም ቤተሰቦች ዝርዝር ይዘጋጅ። በድህነታቸው በመንግሥት ሊሸፈኑ የሚገባቸው ለቀበሌው ይቅረቡ፤ ከዚያ ውጭ ለቀሩት ጀማዓው ወይም ማኅበሩ መዋጮውን ይክፈል። በዘመድ ቤት ያሉት ልጆች ስማቸው በትክክል መግባቱ ይረጋገጥ።

ስድስተኛ፦ የመንገድ ሣጥን። ሕክምናው ነጻ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚቀረው በመጓጓዣና በምግብ እጦት ነው። ለታማሚው ባጃጅ ወይም ጋሪ፣ ለአስታማሚው ምሳ፣ ስድስት ወር መድኃኒት ለምትወስደው እናት እንቁላልና ወተት የሚሸፍን አነስተኛ ሣጥን ለብቻው ይቀመጥ። ገቢና ወጪው ለጀማዓው ይገለጽ፤ የታማሚው ስም ግን አይነሣ።

ሰባተኛ፦ ግምገማ። በየሦስት ወሩ አገናኞቹ፣ ኮሚቴውና የጤና ባለሙያዋ ተገናኝተው የተላኩት ሰዎች መድረሳቸውን፣ የደረሱት መታከማቸውን፣ ያቋረጡትም ለምን እንዳቋረጡ ይነጋገሩ።

በዚህ ሁሉ ጎረቤትን መዘንጋት አይገባም። ጤና ኬላው የቀበሌው ሁሉ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳም ሃይማኖት አይለይም። በአንድ ዕድር ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን የምንቀብር ከሆነ፣ የእነርሱን ወላጅ አልባ ልጅ ታሞ ስናይ ማለፍ የጎረቤት መብትን ማጓደል ነው።

ምስጢር አማና ነው

ይህ መረብ ከሁሉ በላይ የሚፈርሰው በወሬ ነው። አገናኟ ወደ ቤት ስትገባ የምታየውና የምትሰማው ሁሉ አማና ነው። በተለይ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ልጅ ስለ ሕመሙ ገና ያልተነገረው ሊሆን ይችላል። ለልጁ መቼና እንዴት እንደሚነገር የሚወስኑት አሳዳጊውና የጤና ባለሙያው ናቸው። አንዲት ቃል ከቡና ላይ ብታመልጥ ልጁ በመድረሳ ሰልፍ ውስጥ ይገለላል፤ እናቱም መድኃኒት መውሰዷን ልትደብቅ፣ አልፎም ልታቆም ትችላለች። ሐሜት የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር የተመሳሰለበትን የቁርአን ትምህርት የምናውቅ ሰዎች፣ የሕያው የቲምን ምስጢር ይበልጥ ልንጠብቅ ይገባናል።

ስለሆነም አገናኝ የሚመረጠው በዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን በዝምታውም ነው። መዝገቡ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለለጋሾች በሚላክ ሪፖርት የሕመሙ ዓይነት ከልጁ ስምና ፎቶግራፍ ጋር አይውጣ። ለጋሹም የረዳውን ልጅ ሁኔታ ማወቅ ቢሻም፣ ሊያውቀው የማይገባ ነገር እንዳለ ተቀብሎ ይስጥ፤ አላህ ያውቃልና።

ለለጋሾችና ለቤተሰቦች

ውድ ለጋሾች! በአገር ቤትም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሆናችሁ የቲምን የምትደግፉ፣ ከወርኃዊው ቀለብ ጋር የዓመቱን የጤና መድን መዋጮና የመንገድ ሣጥኑን አብራችሁ አስቡ። ገንዘቡን ከመጨመር ይልቅ «የልጁ እናት ጤንነቷ እንዴት ነው? መድን አላቸውን? የሚጎበኛቸው ማነው?» ብሎ መጠየቅ አንዳንዴ የበለጠ ይጠቅማል።

ውድ እናቶችና አሳዳጊዎች! ስለ ራሳችሁ ሕመም መናገር ለልጆቹ የተላከውን እንደ መሻማት አትቁጠሩት። የእናንተ ጤና ከልጆቹ ሐቅ አንዱ ነው። ሳትሸሽጉ ተናገሩ፤ የተሰጣችሁን ቀጠሮ አክብሩ፤ ካርዳችሁን ጠብቁ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ለእርሳቸው ያለውን ቅርበት ሁለት ጣቶቻቸውን በማሳየት እንደገለጹ ሁላችንም ሰምተናል። ማሳደግ ማለት ማብላት ብቻ አይደለም፤ ልጁን ታሞ ማሳከም፣ የምታሳድገውንም እናት በሕይወት እንድትቆይለት ሰበብ ማድረስ ነው። ውጤቱ በአላህ እጅ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው በሩን ማንኳኳት ነው።

በቤትና በሐለቃ ለመወያየት

1. በእኛ መስጂድ ዙሪያ ስንት የየቲም ቤት እናውቃለን? ከእነርሱ ውስጥ የጤና መድን ያላቸው የትኞቹ ናቸው?
2. የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማን ናት? ከኢማማችን ጋር ትተዋወቃለችን?
3. ከጀማዓችን ለአገናኝነት የሚበቁ፣ ምስጢር ጠባቂ የሆኑ እህቶች እነማን ናቸው?
4. ቅሬያችን ወይም ዕድራችን ለቀብር ከሚያውለው ገንዘብ ለሕክምና መጓጓዣ ምን ያህል ሊመድብ ይችላል?

አላህ ለየቲሞቻችን እናቶችና አሳዳጊዎች ዓፊያን ይስጥልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ ጀማዓችንን በመልካም ሥራ ላይ ያሰባስብልን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።